ከአስመራ የቡጢ መድረክ እስከ ዝቋላ እርሻ፦ የምትኩ አሥራተ ማርያም ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ በዚህ ክፉ ዘመን የየቤታችሁን ሐዘን ለጥቂት ሰዓት ትታችሁ የእኛን ሐዘን ለመካፈል የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ ትናንት ግንቦት 9 ቀን 1966 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከመካከላችን የተለዩት የአቶ ምትኩ አሥራተ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ አስከሬናቸው አፈር ከመልበሱ በፊት በፊታችሁ ይነበባል። የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ወልደ ጻድቅ ነኝ።

ወረቀቱን ዛሬ ማለዳ ጽፌ ስጨርስ ለአባታችን ለቄስ አሥራተ ማርያም አነበብኩላቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ መካከሉ ላይ ያለውን አንድ ነገር እንድተወው ለመኑኝ፤ «ልጄ ትናንት ሞቶብኛል፤ ዛሬ በሰው ፊት ደግመህ አትግደልብኝ» አሉኝ። ነገር ግን ወንድሜ በታመሙ በአምስተኛው ቀን፣ አንደበታቸው ገና ሳይደክም፣ «መቼም ስሞት ወረቀት ማንበብህ አይቀርም። ስለ ብዙነህ የነገርኩህን ካስቀረኸው የምታነበው የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ብለውኝ ነበርና፣ የአባቴን ልመና ሳልፈጽም በመቅረቴ በፊታችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንደ ተጻፈው አነባለሁ።

አቶ ምትኩ ከአባታቸው ከቄስ አሥራተ ማርያም ገብረ አምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ደሞዝ በዋግ፣ ጋዝጊብላ ውስጥ፣ በታኅሣሥ ወር 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ ስለ ነበር ምትኩ ተባሉ፤ የክርስትና ስማቸው ገብረ ጻድቅ ነው። አባታችን በሰቆጣ እንዲያገለግሉ ሲመደቡ ቤተሰቡ ወደዚህ መጣ፤ ወንድሜም ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከአባታችን ጋር ጳጳስ ወዳሉበት ከተማ ዘጠኝ ቀን በእግር ተጉዘው ማዕርገ ዲቁና ተቀበሉ። ዛሬ እዚህ ከቆሙት አረጋውያን መካከል በቅዳሴ ጊዜ ድምፃቸውን የሚያስታውሱ ይኖራሉ።

በ1943 ዓ.ም. እናታችን በወሊድ ምክንያት ከነሕፃኗ አረፉ። አባታችን ካህን ናቸውና ሌላ ሚስት አላገቡም፤ ቤታችንም የሴት ድምፅ የማይሰማበት፣ ሦስት ወንዶች ሳይነጋገሩ የሚበሉበት ቤት ሆነ። በዓመቱ አቶ ምትኩ፣ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ «አስመራ ሠርቼ ልብስ ይዤልህ እመጣለሁ» ብለውኝ ከነጋዴዎች ጋር እስከ ኮረም በእግራቸው፣ ከኮረም በኋላ በጭነት መኪና ሄዱ። ወደ ቤታችን የተመለሱት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው።

በአስመራ የመጀመሪያ ሥራቸው በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ጆንያ መሸከም ነበር። በፋብሪካው ጓሮ ኤቶሬ የሚባሉ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መካኒክ፣ በወጣትነታቸው ቦክሰኛ የነበሩ፣ ፉርሽካ የተሞላ ጆንያ ከግንድ ላይ ሰቅለው ከሥራ በኋላ ለሚመጡ ሠራተኞች ቡጢ ያስተምሩ ነበር። አቶ ምትኩ መጀመሪያ የሄዱት ለመሳቅ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ ግን ኩንታል ተሸክመው በጠባቡ መወጣጫ ሲወጡና ሲወርዱ የእግራቸውን አጣጣል ለብዙ ቀን ሲመለከቱ ቆይተው ኖሮ፣ ጓንት አጥልቀውላቸው ከአንድ ልምድ ካለው ሰው ፊት አቆሟቸው። ያ ሰው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሊነካቸው አልቻለም።

ከሁለት ዓመት ልምምድ በኋላ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተጋጥመው አራት ዙር በነጥብ አሸነፉ። የሚወዳደሩት ከስድሳ ስድስት ኪሎ ተኩል ብዙም የማይበልጡ ሰዎች በሚጋጠሙበት፣ ዌልተር በሚባለው ሚዛን ነበር። ሌሎች ቦክሰኞች ሚዛን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ክብደት ለመቀነስ በላብና በረሃብ ሲሰቃዩ፣ እርሳቸው ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ስለማያጓድሉ ክብደታቸው ከልኩ አያልፍም ነበር። አሰልጣኛቸው ሥጋና እንቁላል እንዲበሉ ይጨቀጭቋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድም ቀን እሺ አላሉም። እስከ 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በአስመራ፣ በምጽዋ፣ በካርቱምና በአዲስ አበባ ሃያ ሁለት ጊዜ ተጋጥመው ሃያውን አሸንፈዋል፣ አንዱን እኩል ወጥተዋል፤ የተሸነፉት በካርቱም አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ የተሰበረው አፍንጫቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ተጣመመ ቀርቷል።

በ1948 ዓ.ም. ቃላቸውን ጠብቀው ለአባታችንና ለእኔ አቡጀዲ ላኩልን። ከጨርቁ ጋር ራቁት ደረታቸውን ገልጠው፣ ጓንት አጥልቀው የተነሡት ፎቶግራፍ አብሮ መጣ። አባታችን ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ወረቀት እንዳመጣ አዘዙኝና፣ «መስቀል የጨበጠ እጅ የሰውን ፊት አይመታም። ከእንግዲህ ራስህን ዲያቆን ብለህ አትጥራ፤ ወደ ቤቴም አትምጣ» ብለው አስጻፉኝ። አባታችን ያዘኑት እንደ ካህን ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ እንዲያምርም ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. በፋብሪካው በር ላይ ሥራ ፈላጊዎች ተሰልፈው ሳለ፣ አቶ ምትኩ የአንዱን ወጣት የአማርኛ አነጋገር ሰምተው በአገውኛ ጠሩት፤ ወጣቱም ማልቀስ ጀመረ። እኒህ ወጣት ከዝቋላ የመጡት ብዙነህ ዋሴ ነበሩ፤ አባታቸው የሞቱባቸው፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ማሬ አንድያ ልጅ የነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ክፍል አደሩ፣ ከአንድ ሳሕን በሉ፣ በሰንበት አብረው አስቀደሱ። ጓንት አጥልቀውላቸው ቡጢ ያስተማሯቸውም ወንድሜ ናቸው። ብዙነህ ግራኝ በመሆናቸው ለሚገጥማቸው ሁሉ አስቸጋሪ ሆኑ፤ በአምስት ዓመት ውስጥም በአስመራ በዌልተር ሚዛን ያልተሸነፉ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱም የዋግ ልጆች፣ ሁለቱም የአንድ ክፍል ተከራዮች።

የውድድሩ አዘጋጆች እንዲጋጠሙ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋቸው ሁለት ጊዜ እንቢ አሉ። በሦስተኛው ካልተጋጠሙ ከእንግዲህ ለማንም ግጥሚያ እንደማይጠሯቸው ተነገራቸውና ተስማሙ። በዋዜማው ብዙነህ፣ «ብትራራልኝ ሕዝቡ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንንም የሚጠራን የለም። እንደ ሌላ ሰው ምታኝ» አሏቸው። ወንድሜም እሺ አሉ።

ቀኑ የካቲት 25 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ የቅበላው እሑድ ነበር። አባታችን እንድተወው የለመኑኝ ከዚህ ጀምሮ ያለውን ነው። ግጥሚያው አሥር ዙር ሲሆን እስከ አምስተኛው ድረስ ማን እንደሚበልጥ አልታወቀም ነበር። በስድስተኛው ዙር ወንድሜ በቀኝ እጃቸው የብዙነህን ጆሮ ግንድ መቱ። በሰባተኛው ዙር ብዙነህ ቀርበው አቀፏቸውና በጆሯቸው በአገውኛ፣ «ምትኩ፣ አይታየኝም» አሏቸው። በአዳራሹ ውስጥ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ወንድሜ ወደ ዳኛው ዞረው ሰውዬው እንደ ተጎዳ በጣሊያንኛ ተናገሩ፤ ዳኛው ግን ነገሩ ስላልገባቸው ይሁን ስላላመኑ፣ አላቅቀው ቀጥሉ አሏቸው። ሕዝቡ እያፏጨ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይችሉ ነበር። ጓንታቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ማዕዘናቸው መሄድም ይችሉ ነበር። ራሳቸው እንደ ነገሩኝ ሁለቱንም አስበዋል፤ ፉጨቱን ሲሰሙ ግን ትተውታል። ብዙነህ እጃቸው ወርዶ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው በቆሙበት መቷቸው።

ብዙነህ ዋሴ በሦስተኛው ቀን ማክሰኞ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው በሐኪም ቤት አረፉ። ምርመራ ተደረገ፤ በስፖርት ላይ የደረሰ አደጋ ነው ተብሎም ተዘጋ። የጠየቋቸው ሁሉ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ሚዛኑና ስለ ዙሩ ጠየቁ እንጂ፣ «ሲያቅፍህ ምን አለህ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም።

አስከሬኑ በአስመራ ከተቀበረ በኋላ አቶ ምትኩ የጓደኛቸውን ጋቢ፣ ጫማና የጸሎት መጽሐፍ በአንድ ጨርቅ ቋጥረው ወደ አገር ተመለሱ። በሰቆጣ ሲያልፉ የቤታችንን በር አይተው ሳይገቡ ወደ ዝቋላ ወረዱ፤ ይህን እኔ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን ይዘው ማለዳ ለወይዘሮ ማሬ መርዶ አረዱ። ሽማግሌዎቹ፣ «አደጋ ነው፤ የማንም እጅ የለበትም» ብለው አጽናኗቸው። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሄድ ግን ወንድሜ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እናቴ፣ አደጋ አይደለም። አይታየኝም እያለኝ ነው የመታሁት» አሏቸው።

ወይዘሮ ማሬ አልጮሁም፤ አልተራገሙምም። አራት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሯቸው ወንድሜ ከቤቱ ውጭ በአውድማው ላይ እያደሩ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ማሬ ወጥተው፣ «እርሻው ሰው የለውም» አሉና ተመልሰው ገቡ። ወንድሜም በሬ ጠምደው የማሽላውን ማሳ አረሱ።

በዚያው ዓመት ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጡ። ወይዘሮ ማሬ በሽማግሌ ፊት የተናገሩትን ሰምተው የነገሩኝ ሰዎች ዛሬም እዚህ አሉ፤ «ካሳ አልቀበልም። ይቅርም አልልም። በየዓመቱ መጥቶ ይረስ» ነው ያሉት። አቶ ምትኩም ከዚያ ዓመት እስከ አምና ድረስ አንድም የእርሻ ወራት ሳያጓድሉ ሄደዋል። ምግብ በበር በኩል ይሰጣቸው ነበር፤ ወደ ቤት ግን ግባ ተብለው አያውቁም።

እርሻው ሲያበቃ ወደ አስመራ ተመልሰው አራት ዓመት ያህል ዘጠኝ ጊዜ ተጋጠሙ፤ ሰባቱን ተሸነፉ። ድሮ ሊነኳቸው የማይችሉ ሰዎች ደበደቧቸው። በጋዜጣም በመሸታ ቤትም ምትኩ ግጥሚያውን ሸጠ ተባለ፤ ወሬው እዚህ ሰቆጣ ድረስ መጣ፤ እኔም አመንኩ። በኅዳር 1958 ዓ.ም. ከአንድ ወጣት ጋር ተጋጥመው በአራት ዙር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቁ፤ ግራ ጆሯቸውም ከዚያ ቀን በኋላ አልሰማም። ሲኞር ኤቶሬ ሰው መጥቶ እንዲወስዳቸው በጻፉት ደብዳቤ መሠረት አስመራ ስሄድ፣ ያ ሽማግሌ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ወንድምህ አልሸጠም። ሰው እጁን ሲያወርድ እሱም እጁን ያወርዳል። ብዙ ጊዜ ጮኽሁበት፤ ለመንኩት፤ አልሆነም» አሉኝ። ደብዳቤውን ያሳመርኩት እኔ፣ ወሬውንም ያመንኩት እኔ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የወንድሜን ልብስ አጥፌ ቋጠርኩ።

ሰቆጣ ስንደርስ አባታችን በር ላይ ቆመው ያበጠውን ፊታቸውን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ግባ» አሏቸው። ስለ ደብዳቤው ከዚያ ወዲህ በቤታችን አልተነሣም።

አቶ ምትኩ በትምህርት ቤት ዘበኝነት ተቀጠሩ። ለልጆቻችን ቡጢ አስተምርልን የሚሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ መጥተው ነበር፤ እርሳቸው ግን፣ «ሩጫ ላስተምራቸው» እያሉ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹን ያስሮጡ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ከአምደወርቅ ወይዘሮ አመተ ሥላሴን በሥርዓተ ተክሊል ሳይሆን፣ ዲቁናቸው ፈርሷልና፣ በሽማግሌ ፊት አግብተው ጸሐይነሽንና ደሞዝን ወልደዋል። ወንዱ ልጅ ሲወለድ ብዙነህ ብለው ሊጠሩት ፈልገው ፈቃድ ለመጠየቅ ዝቋላ ድረስ ሄደው ነበር። ወይዘሮ ማሬ፣ «የእኔ ብዙነህ አንድ ነው» ስላሏቸው ሕፃኑ በእናታችን አባት ስም ተጠራ።

ለንስሐ አባታቸውም ሁሉን ተናዝዘው የሰባት ዓመት ቀኖና ተቀበሉ። ሰባቱን ዓመት፣ በዝናብም በፀሐይም፣ ከቅጽሩ በር ወደ ውስጥ ሳያልፉ ቆመው ሲያስቀድሱ አይታችኋቸዋል። ቀኖናቸውን ፈጽመው በ1965 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ሥጋ ወደሙ የተቀበሉት ከአባታችን እጅ ነው።

በዚህ መካከል ሕመም ጀምሯቸው ነበር። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ፣ ቃል ይጠፋባቸው፣ አንደበታቸው ይጎተት ነበር፤ የማያውቋቸው ሰዎች ጠጥተው ይመስሏቸው ነበር። ለዓመታት በራስ ቅላቸው ላይ የወረደው ቡጢ ያመጣው መሆኑን ሐኪም ነግሯቸዋል፤ መድኃኒት እንደሌለውም ጭምር። ባለቤታቸው አመተ ሥላሴ እንደ ሕፃን እየደገፉ ያጎርሷቸው የነበረበት ጊዜ ነበር።

ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር፣ ዘንድሮ በመጋቢት፣ ከዝቋላ የሚመጡ ስደተኞች ዕለት ዕለት በዙ። አቶ ምትኩ የመጡትን ሁሉ ስለ ወይዘሮ ማሬ ጠየቁ፤ አየናቸው የሚል አላገኙም። ባለቤታቸው፣ «በዚህ እጅዎ ምን ሊረዱ ነው?» ቢሏቸው፣ «የምትቀምሰው ካላት አይቼ እመለሳለሁ» ብለው ወረዱ። መንደሩ ባዶ ነበር። ፍየሎቹ አልቀዋል፤ ወይዘሮ ማሬም ብቻቸውን ተኝተው አገኟቸው። «ዘንድሮ እርሻ የለም፤ ሂድ» አሏቸው። «ለእርሻ አልመጣሁም» አሉና ሳይጠሩ ወደ ቤቱ ገቡ። በጋቢ ጠቅልለው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ያን አቀበት በሦስት ቀን ወጥተው ሰቆጣ አደረሷቸው። ጽዋ መያዝ ያቃታቸው እጆች እንዴት እንደ ያዟቸው እኔ አላውቅም።

ከዚያም ቤት አልተቀመጡም። የተራበው ሕዝብ በተጠለለበት ሜዳ እየዋሉ አቅም ያጡትን ወደ ጥላ ሲሸከሙና የሞቱትን ሲቀብሩ ሰነበቱ፤ በዚያም ተስቦ ያዛቸው። አሥራ አንድ ቀን ታመሙ። ወይዘሮ ማሬ ከራስጌያቸው አልተለዩም ነበር። ከሞታቸው አንድ ቀን በፊት ወንድሜ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «እናቴ፣ ይቅር ብለውኛል?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ማሬ፣ «ውሃውን ጠጣ» አሏቸው። ወንድሜም ጠጡ። በነጋታውም አረፉ።

ዛሬ ማለዳ አባታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ በኋላ የሚከተለውን ዝርዝር በንጹሕ ስገለብጥ ወይዘሮ ማሬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ማንን ማንን ጻፍክ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «እናቱስ?» አሉኝ። እናታችን በ1943 ዓ.ም. ማረፋቸውን ነገርኳቸው። «እንግዲያ እኔን ጻፈኝ» አሉ።

ስለዚህ አቶ ምትኩ አሥራተ ማርያም ባለቤታቸውን ወይዘሮ አመተ ሥላሴን፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ጸሐይነሽንና የአራት ዓመቱን ደሞዝን፣ አባታቸውን ቄስ አሥራተ ማርያምን፣ ወንድማቸውን እኔን፣ እናታቸውንም ወይዘሮ ማሬን ትተው ተለይተዋል።

የሰውን ልብ የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን የገብረ ጻድቅን ነፍስ ይቀበል፤ የወንድማቸውን የብዙነህንም ነፍስ በምሕረቱ ያስባት። በዚህ ዓመት ስማቸው ሳይነበብ በየሜዳው ለተቀበሩትም ሁሉ ዕረፍት ይስጥ፤ ለቀረነው ዝናብን ይላክልን። አሜን።